ጎመን የከደነው መስኮት

ዛሬ ጠዋት ከጓሮዬ ችግኝ ላይ ላስቲኩን ስገልጥ የታመቀ እርጥብ አፈር ሸተተኝ። አርጅቻለሁና ግማሹን ገልጬ ለማረፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

በልጅነቴ ጋፋት አጠገብ ስንኖር አባቴም እንዲህ ያለ መደብ ሠርተው ነበር። የታኅሣሥ ውርጭ ችግኝ አያስተርፍም፤ የዐቢይ ጾም ወጣችን ደግሞ ከዚያ ጎመን ነበር የሚጠበቀው። አባቴ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጭቃ ግድግዳ በአራት ማዕዘን አቆሙ። መክደኛ ሲያጡ የቤታችንን አንድ መስኮት ከነመስታወቱ ነቅለው ጫኑበት። በቤቱ ግድግዳ ላይ የቀረውን ክፍተት በጆንያ ወተፉት።

“አንቱ፣ ሰው እየበረደው ጎመን ይሞቀዋል?” አለች እናቴ።

“ሰውማ ጋቢ አለው” አሉ አባቴ።

ፀሐይ ስትወጣ መስታወቱን በድንጋይ ደግፎ ገርበብ ማድረግ የእኔ ሥራ ነበር። አንድ ቀን ፈተና ነበረብኝና ሳልከፍተው ወደ ትምህርት ቤት ሮጥሁ። ከሰዓት ስመለስ ገና ከአጥሩ የተቀቀለ ጎመን ሸተተኝ። ችግኙ ሁሉ ጠውልጎ ተኝቷል።

ይመቱኛል ብዬ ቆምሁ። አባቴ አንዱን ቅጠል በጣታቸው አሽተው፣ “ውርጩን ስንፈራ ፀሐይዋን ረሳናት፣ ልጄ” አሉ። ከዚያስ ቢመቱኝ ይቀለኝ ነበር።

መስኮቱን አጥበው ወደ ቤቱ ግድግዳ መለሱት። እናቴም እሰይ አላለችም።

“እማማ፣ ዛሬ እኮ ደምኗል፤ ተከድኖ ቢውልስ?” አለችኝ ምራቴ፣ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጥሁ ከቤቱ በር ሆና አይታኝ።

ከድንጋዩ ተነሣሁና የቀረውን ላስቲክ ገለጥሁ።