ኢርማ ወረቀቱን ያመነች ዕለት

ኢርማ ቦደንሃይመር በማንሃይም ከተማ ስሟ የተጠራ ባርኔጣ ሰፊ ነበረች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገባ በሁለተኛው ዓመት መኸር፣ አንድ ጠዋት ፖሊሶች መጥተው «ዕቃችሁን ለመሰብሰብ አንድ ሰዓት አላችሁ» አሏት። ከታላቅ እህቷ ከፍሎራ ጋር ባቡር ላይ ተጫነች። እንደነሱ አይሁድ የሆነ የከተማው ሰው ሁሉ አብሯቸው ነበር። ከቀናት በኋላ ፈረንሳይ፣ ከፒሬኔ ተራሮች ግርጌ፣ ጉርስ በተባለ ካምፕ አወረዷቸው።

የጉርስ ጭቃ ጫማ ይነጥቃል። ፍሎራ እዚያም ቀልዷን አልተወችም። «የሰው ራስ ስታሳምሪ የራስሽን እግር ረሳሽው» እያለች የእህቷን ጫማ በሲባጎ ታስርላት ነበር።

ኢርማ ለአንድ የካምፑ ቢሮ ጸሐፊ ሚስት ባርኔጣ አደሰችላት። ሴትዮዋም በምላሹ «ከሚለቀቁት ዝርዝር ገብታችኋል፤ ወረቀታችሁ በቅርቡ ይመጣል» አለቻት።

ካምፕ በገቡ በሁለተኛው ዓመት፣ በሐምሌ ወር፣ ለካምፑ ወጥ ቤት በጋሪ ድንች የምታመላልስ ጀርሜን የተባለች ገበሬ እህትማማቾቹን ጠጋ አለቻቸው።

«ነገ ባዶ ጆንያ ጭኜ ነው የምመለሰው። ከሥሩ ሁለት ሰው ይደበቃል። በር ላይ ያለው ዘበኛ የአጎቴ ልጅ ነው።»

«እንሄዳለን!» አለች ፍሎራ።

«የምን ጆንያ?» አለች ኢርማ። « ወረቀታችን ሊደርስ ነው እኮ። ብንያዝ ሁሉንም እናጣለን። ትንሽ እንታገስ፣ እቴ።»

«ወረቀት፣ ወረቀት! እዚህ ያመጣንስ ወረቀት አይደል?»

«አንዴ እንኳ እኔን ስሚኝ!»

ፍሎራ ሰማቻት። ታናሿን ጥላ መሄድ አልሆነላትም። ጋሪው ጆንያውን ብቻ ይዞ ወጣ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ኢርማን ተስቦ ጣላት። ትኩሳቱ ሲለቃት ፍሎራን ጠየቀች። ነርሷ ብርድ ልብሱን ደጋግማ አስተካከለች።

«ስሟ ተጠራ። በካሚዮን ወሰዷቸው። 'እንዳትቀሰቅሷት' ብላ ነው የሄደችው።»

ጀርሜን እንደገና ስትመጣ ኢርማ ጆንያው ሥር ገባች። ጦርነቱ እስኪያልቅ በገበሬዋ ጎተራ ተደብቃ ኖረች። እነፍሎራ ከተወሰዱበት ከአውሽቪትዝ የሞት ካምፕ በተመለሱት ስም ዝርዝር ውስጥ ግን ፍሎራ አልነበረችም።

ኢርማ ወደ ማንሃይም አልተመለሰችም። ለጉርስ ቅርብ በሆነችው በፖ ከተማ ትንሽ ሱቅ ከፍታ ባርኔጣ ሰፋች። ጀርሜን በገበያ ቀን ብቅ ትል ነበር። አንድ ቀን፣ ሁለቱም ካረጁ በኋላ፣ ኢርማ መርፌዋን አስቀምጣ «እኔ ነኝ ያስቀረኋት። እህቴን ትቼ የማላውቀውን ሰው ወረቀት አመንኩ» አለች።

ጀርሜን አላባበለቻትም።

«እኔም 'እሺ' ብዬ ሄድኩ» አለች። «እጃችሁን ይዤ መጎተት ነበረብኝ።»

 ሱቁ በዚያን ቀን ሳይመሽ ተዘጋ።