ወደ በር የዞረው ሶፋ

የባለቤቴ አባት ዛሬ ከሳንጃ መጥተው ሳሎናችን መሀል ቆመው ቀሩ። አልቀመጥም አሉ!

ሰው ቲቪ ላይ ከሚያፈጥ እየተያየ ይጫወት ብዬ ጠዋት ሶፋዎቹን ፊት ለፊት አዙሬያቸው ነበር። (ወገቤ እስካሁን ያመኛል፤ ያመሰገነኝ ግን የለም።)

«ምነው ልጄ፣ ጀርባዬን ለበር ሰጥቼ ልቀመጥ?» አሉኝ።

ተናደድኩ። «አባባ፣ ማን ይመጣብኛል ብለው ነው?» ብዬ አረፍኩት።

ባለቤቴ ከንፈሩን ነክሶ አየኝና ተነስቶ ሶፋውን ብቻውን ወደ በሩ አዞረው።

አባባ ተቀመጡ። ገና ወሬ ሲጀምሩ ደጅ ባጃጅ ቆመ። ንግግራቸውን አቋርጠው በሩን አዩ። ባጃጁ ሄደ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን አልመለሱም።

ያኔ ነው የገባኝ። እኛ ጋ ይኖር የነበረው ታናሽ ልጃቸው ከዚሁ በር ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል።

ሶፋው እንደዞረ ይቀመጣል። እናንተስ ቤት ለሰው ተብሎ ከቦታው የማይነሳ ወንበር አለ?