ዲንቄ ጎሬ የሄደችበት ቅዳሜ

መቱ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ የዲንቄን አረቄ የማያውቅ ጠጪ አልነበረም። ባሏ ከሞተ በኋላ ልጇን ሰኚን አሳድጋ፣ አስተምራ ለቁም ነገር ያበቃቻት በዚያው አረቄ ነው። አረቄ የሚያወጣ ሰው መቅመስ አለበት፤ ጥንካሬው የሚታወቀው በምላስ ነው። ዲንቄም ለዓመታት እየቀመሰች ትተፋ ነበር። ሰኚ ቡሬ ተድራ ቤቱ ጭር ሲልባት ግን መትፋቱን ተወችው።

ሰው ያወቀባት ቆይቶ ነው። ሴት ስትጠጣ ደጅ አትወድቅም፤ በሯን ዘግታ ነው የምትወድቀው። ጠዋት ጠዋት እጇ እየተንቀጠቀጠ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታታል፤ አንድ መለኪያ ስትጎነጭ ይረጋላታል። አንድ ቀን ሰኚ ትንሿን ልጇን ይዛ ልትጠይቃት ብትመጣ፣ እናቷን ምድጃው አጠገብ ራሷን ስታ አገኘቻት። እሳቱ የቀሚሷን ጫፍ ይዞት ነበር። ሰኚ አጠፋችው። በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰቻት፤ ስትነቃም፣ "እማዬ፣ ከእንግዲህ ልጄን አንቺ ጋ አላመጣም" ብላት ወደ ቡሬ ተመለሰች።

ሆስፒታል ውስጥ የተንከባከበቻት ነርስ ትንቢት ትባላለች። መጠጡን ብቻዋን ቤት ውስጥ በአንድ ጊዜ ማቆም ለሕይወቷ እንደሚያሰጋ ነግራት፣ መድኃኒት እየሰጠች አቆየቻት። የምትወጣ ዕለት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"እትዬ ዲንቄ፣ መድኃኒቱ እጅዎን ያረጋጋል፤ ቤትዎ ሲገቡ ግን የሚያነጋግርዎት ሰው ያስፈልግዎታል" አለቻት። "ጎሬ ውስጥ መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት ይሰበሰባሉ አሉ። ቤቱን አላውቀውም፤ ጠይቀው ያግኙት።"

ጠይቆ ማግኘት! ዲንቄ ቅዳሜ ከሚኒባስ ወርዳ ጎሬ ዳገቱ ላይ ስትቆም ምን ብላ እንደምትጠይቅ ጠፋት። አንድ ሽማግሌ "የሚሰበሰቡት ሰዎች የት ናቸው?" ብትላቸው ወደ ዕድር ስብሰባ መሯት። ገብታ ተቀመጠች፤ ስለ ድንኳን ሲከራከሩ ብዙ ሰምታ ቀስ ብላ ወጣች። ሁለተኛ የጠየቀችው ሰው ያመለከታት ቦታ ደግሞ መዘምራን የሚለማመዱበት ሆነ። ዝናብ ጀመረ። ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ተጠለለች፤ ሲያባራ ወደ መቱ ልትመለስ ቆርጣ ነበር።

የሱቁ ባለቤት ኸዲጃ በርጩማ አወጣችላት። "ሰው ይፈልጋሉ እንዴ፣ እናቴ? ሲመላለሱ አየሁዎት።"

ዲንቄ መሬት መሬት እያየች፣ "መጠጥ ያቆሙ ሰዎች የሚሰበሰቡበትን ቤት ነው" አለች። ቃሉ ሲወጣ ፊቷ ጋለ።

ኸዲጃ አልሳቀችም፤ ለማን ነው ብላም አልጠየቀችም። ሱቁን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ጃንጥላ ዘርግታ፣ ክንዷን ይዛ በጭቃው ቁልቁል ወሰደቻት። ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ያለች ክፍል በር ላይ ሲደርሱ፣ "እዚህ ነው። አይዞዎት፣ ይግቡ" ብላት ተመለሰች።

ውስጥ ጥቂት ሰዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ዲንቄ ከሁሉ ቀድማ ያወቀችው ሁንዴሳን ነው። ሁንዴሳ ሹፌር ሳለ ቤቷ እየመጣ ሲጠጣ የኖረ፣ ሥራውንም ትዳሩንም በመጠጥ ያጣ ሰው ነው። ልትመለስ ስትል ብድግ አለላት።

"ባጋ ነጋን ዱፍተን፣ እትዬ ዲንቄ። እንኳን ደህና መጡ፤ እዚህ ይቀመጡ።"

"ሁንዴ፣ እኔ እኮ ነኝ ስቀዳልህ የኖርኩት" አለችው።

"እርስዎ ቀዱ፤ የጠጣሁት እኔ ነኝ። ደጅዎ ላይ ስወድቅ ነጠላዎን ያለበሱኝንም አልረሳሁም።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እርስዎስ መቼ ጀመረዎት?" አላት።

እስከዚያ ቀን እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። አለቀሰች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም። ኋላ ተናገረች፤ አማርኛው ሲያጥራት በኦሮምኛ፣ ኦሮምኛው ሲከብዳት በአማርኛ።

በዚያው ሳምንት የአረቄ ዕቃዋን ሰባብራ ዳቦ መጋገር ጀመረች። ሆኖም አንድ ለቅሶ ቤት ጠላ ሲዞር እምቢ ማለት አፈረች፤ ከዚያ እንደገና ስትጠጣ ቀናቱ ተምታቱባት። ቅዳሜ ሲደርስ በሯን ዘግታ ተኛች። ሁንዴሳ ከጎሬ ተሳፍሮ መጥቶ በሩን አንኳኳ።

"በዚህ ፊቴ አልሄድም" አለችው።

"ደህና በሆኑ ቀንማ ቢቀሩም ግድ የለም። የዛሬው ነው የሚያስፈልግዎት።"

ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልቀረችም።

ሰኚ ይህን ከሰው ሰምታ ብቻዋን መጣች። "ልጅቷን አላመጣኋትም" አለች ገና ሳትቀመጥ።

"አምጪያት አላልኩሽም።"

"የምትሄጂበትን ቤት ልየው።"

አብረው ሄዱ። ሰኚ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ የሁሉንም ሰማች። ተራው ሲደርሳት፣ "ስልኬ በጠራ ቁጥር እናትሽ ሞተች የሚሉኝ ይመስለኛል፤ እስካሁንም" አለች። ዲንቄ እጇን ያዘቻት፤ ሰኚም አላስለቀቀቻትም።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። "ልጅቷን ለፋሲካ እናመጣታለን። እኔ ግን አብሬ አድራለሁ" አለች ሰኚ፣ በመስኮት እያየች።

"እደሪ፣ ልጄ። ቤትሽ ነው።"

ትንሽ እንደሄዱ ሰኚ እናቷ ትከሻ ላይ ተኛች። መቱ እስኪደርሱ ዲንቄ አልተነቃነቀችም።