ቄጤማውን ከነሥሩ የነቀለችው

ጻፊው እንጂ ምን ታዪኛለሽ። ስሟን ብቻ እንዳታስገቢ። እሷ ራሷን ታውቃለች።

ከቤቴል ወደ ታች፣ ወንዙ ጋ ሳትደርሺ ያለውን ረግረግ ታውቂው የለ? ምንጭ ስላለው በጋም አይደርቅም። ለእንቁጣጣሽ ቄጤማ የትም አለ፣ ክረምቱ ያበቅለዋል። ጭንቁ ፋሲካ ነው። አገሩ ሁሉ አቧራ ሲሆን በዚህ ሰፈር እርጥብ ቄጤማ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ከዚያ አጭጄ ለቅዳም ሹር ለቤተ ክርስቲያን አስገባለሁ። ካህናቱ ያድሉታል፣ ሰው በራሱ ላይ ያስረዋል። ስለቴ ነው፤ አያትሽ ታሞ የዳነ ጊዜ የተሳልኩት። የምሸጠው የተረፈውን ነው።

ረግረጉን ከዚያች ጎረቤቴ ጋር ለሁለት ተካፍለነዋል። ምንጩ ያለበት ላይኛው የእሷ፣ ታችኛው የኔ። ማንም አልሰጠን፣ ማንም አልከለከለን።

ቄጤማ ሲታጨድ ወግ አለው። ከታች ነጩን አራት ጣት ያህል ትተሽ በማጭድ ነው የምትቆርጪው። ሥሩ ጭቃውን ጨብጦ ይይዘዋል፣ ሳይቆይ መልሶ ያቆጠቁጣል። አምና ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ማጭዴን ይዤ ስወርድ፣ ያቺ ሴትዮ በራሷ በኩል በሁለት እጇ ከነሥሩ ትመዠርጠዋለች!

"ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?"

"እንዴት አደሩ እትዬ። ከነሥሩ ሲሆን እስከ ቅዳሜ አይጠወልግም። ገዢም ይወደዋል።"

"ለከርሞስ ምን ልታጭጂ ነው?"

"ለከርሞ ማን ያውቃል፣ ኮንዶሚኒየም ይሠሩበት ይሆናል። ሣር እኮ ነው እትዬ!"

"ሣርማ አይደለም! ግንዱን ዳብሺው እስቲ። ሣር ድቡልቡል ነው፣ ይሄ ሦስት ጎን አለው።"

"ውይ! በቄጤማ ዲግሪ አለዎት እንዴ?" ብላ ሳቀች።

በሕማማት ከአፌ የወጣውን አትጻፊው። ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ስግደት አዘዙኝ፣ ሰግጃለሁ። እሷን ግን ይቅር አላልኩም።

ክረምቱ ሲገባ የሚይዘው ሥር የለ፣ ጎርፉ የእሷን ጭቃ ጠርጎ ወሰደው። ቦይ አወጣና ውሃው በጎን አልፎ ቀጥ ብሎ ወንዝ ገባ። የኔ በኩል መድረቅ ጀመረ። ዘንድሮ ለቅዳም ሹር ያስገባሁት አንድ እስር ብቻ ነው። ቄሱ "ምነው እማማ፣ ዘንድሮ አነሰ?" ሲሉኝ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

በዚያው ቀን ደግሞ እሷ ምንም እንዳላደረገች ደጄ ድረስ መጣች።

"እትዬ፣ እርስዎ ጋ ትንሽ ቀርቷል አሉ። ለቤቴ ብቻ ልጨድ?"

"የፕላስቲክ ቄጤማ ግዢ! ዓለም ባንክ ሰፈር መንገድ ላይ ሞልቷል።"

በሩን ፊቷ ላይ ዘጋሁት። አልቆጨኝም።

ግን ሳስበው ሳስበው፣ የእሷ በኩል ባዶውን ከቀረ የኔም አንድ ክረምት አይሻገርም። ውሃው አንድ ነዋ። ሰኔ ሲገባ ከራሴ በኩል ሥሩን ከነጭቃው በዶማ ፈነቀልኩ። ልቤ እያረረ። በባልዲ ሞልቼ ደጇ ላይ ዘረገፍኩላት።

"ምንድነው ይሄ?"

"ሥር ነው። ራስሽ ነቅለሻል፣ ራስሽ ትከዪ።"

"ይቅር አሉኝ ማለት ነው?"

"አላልኩም! ምንጩ አንቺ ጋ ሆኖብኝ ነው።"

ቦዩን በድንጋይ አስደፈንኳት፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ አስገባኋት። እኔ ዳር ላይ ቆሜ "አጠጋጊው! እንደ ሽንኩርት አታራርቂው!" እላለሁ። እሷ ታጉተመትማለች። ታጉተምትም።

እስከ ዛሬ ሰላምታ የለንም። ሥሩ ይያዝ አይያዝ ገና አልታወቀም፤ በየጠዋቱ እየወረድኩ አያለሁ። ከያዘ ለፋሲካ በማጭድ ታጭዳለች፣ አራት ጣት ትታ። አጠገቧ ቆሜ ነው የማሳጭዳት።