ሸዋገነትና የወለሉ ድንጋይ

«ሌባ!»

ማሽኑ ቆመ። ድንጋይ የሚሞርዱት ሁለቱ ሠራተኞች እጃቸውን ከውሃው አውጥተው ዞሩ። ከጎረቤት ሱቅ ጨርቅ ሲለካ የነበረው ሰውዬ ሳይቀር ሜትሩን ባንገቱ እንዳንጠለጠለ በበሩ ብቅ አለ። ሸዋገነት መጥረጊያዋን እንደያዘች መጀመሪያ ወደ ኋላዋ ተመለከተች። ለሌላ ሰው የተባለ መስሏት ነው።

«አንቺን ነው! ወዴት ትዞሪያለሽ? እጅሽን ክፈቺ!» አላት የሱቁ ባለቤት አስናቀው።

ከፈተች። መዳፏ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የኦፓል ስባሪ ነበረች። ጠዋት አንድ ትልቅ ድንጋይ መሞረጃው ላይ ሳለ ተሰንጥቆ ወደ ወለሉ የፈናጠራት ናት። ውስጧ በክረምት መግቢያ እንደሚበቅል ሣር አረንጓዴ ሆኖ ይበራል፤ ከአረንጓዴው ሥር ደግሞ ያልጠፋ ፍም የመሰለ ቀይ ተኝቷል።

«ከወለል ነው ያነሣሁት፣ ጋሼ።»

«ወለሉ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ!»

ከሠራተኞቹ አንዱ ሳያስበው ሳቀ። አስናቀው ስባሪዋን ከመዳፏ ነጠቃት።

«ሰማችሁልኝ? ኪራይ የምከፍለው እኔ፣ ወለሉ የእሷ! ዋስሽን ጥሪልኝ። አሁኑኑ! መጥቶ ስለ ሌብነትሽ ይጠየቅልኝ!»

ሸዋገነት ፊቷ ደም መሰለ። «የኔ ነዋ» ያለችው ለድፍረት አይደለም፤ ያደገችበትን ሕግ መናገሯ ነው።

እናቷ ደብሪቱ ሕፃን አዝላ አውቶቡስ ተራ ስትወርድ የምታውቀው ሰው አልነበራትም። እየጠየቀች፣ እየተገፋች፣ በርበሬ በረንዳ ደረሰች፤ እዚያ ሐጂ ሙናዊር የሚባሉ የበርበሬ ጅምላ ነጋዴ መጋዘናቸውን እንድትጠርግ ቀጠሯት። በበረንዳው ልማድ ከጆንያው ያለው የነጋዴው ነው፤ ፈሶ ወለል የነካው ደግሞ የጠራጊዋ ነው። ደብሪቱ ከጆንያ አንዲት ዛላ አንሥታ አታውቅም። የፈሰሰውን ግን ትጠርጋለች፣ ታበጥራለች፣ አፈሩን ከበርበሬው ትለያለች፣ አመሻሽ ላይ መንገድ ዳር በትንንሽ መደብ ትሸጠዋለች። ሸዋገነት ተምራ፣ ለብሳ፣ በልታ ያደገችው በዚያ ወለል ነው። ዛሬም ድረስ ጆሮዋ ውስጥ የቀረው የእናቷ ዜማ ይኸው ነው፤

እንባዬን ስታዩ ሐዘን አይምሰላችሁ፣
በርበሬው ነው እንጂ የምጠርግላችሁ።

በርበሬው እንባ ብቻ አላስወጣም። የደብሪቱን ደረት በላው። ሳሏ ከቤት አልፎ ሦስተኛው በር ድረስ ይሰማ ጀመር። ያኔ መጥረጊያውን ልጅ ተረከበች።

የወሎ ኦፓል ወሬ መርካቶ የገባው በዚያው ሰሞን ነበር። የቆርቆሮ ሱቆች እየፈረሱ ፎቅ ይበቅላል፤ ትናንት የሞባይል ሽፋን ይሸጥ የነበረው አስናቀው ዛሬ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ «የከበረ ድንጋይ» ብሎ ታፔላ ሰቀለ። ጠራጊ ፈለገ፤ ጠራጊዋም ዋስ እንድታመጣ ጠየቀ። ሐጂ ሙናዊር ያንን ሁሉ ደረጃ እያረፉ ወጥተው ራሳቸው ዋስ ሆኑ።

«አትዋሽም፣ አትሰርቅም፣ እኔ አለሁ» አሉት።

አስናቀው ያን ቀን ትሑት ነበር። አንገቱን አቀርቅሮ፣ «ሐጂ፣ ደሞዙ ትንሽ ነው፤ ገና ጀማሪ ነኝ። እንደ እናንተ በረንዳ ይሁንና ወለሉ የእሷ ይሁን» አለ።

ቆሻሻ የሰጠ መስሎት ነው! በዚያ ሱቅ የሚሞረደው ሁሉ ሞላላና ክብ፣ ሆዱ የተነፋ ነበር። ከክቡ የተረፈው ጠርዝ፣ ስንጥር፣ ስባሪ ከጭቃው ውሃ ጋር ወለሉ ላይ ይቀራል። አስናቀው በጫማው እየረገጠው ያልፋል።

ሸዋገነት ግን የወለል ልጅ ናት። ጥራጊውን ወንፊት ላይ አጥባ ስታደርቀው ከውስጡ ትንንሽ ቀስተ ደመናዎች ያዩዋታል። ሰብስባ መስኮቱ ላይ በግልጽ፣ ማንም በሚያየው ቆርቆሮ ውስጥ አኖረቻቸው። ገብረ ማርያም የሚባሉት አዛውንት ሞራጅ በምሳ ሰዓት መሞረጃቸውን ይለቁላት ጀመር። ስባሪውን ክብ ላድርግህ ብትለው አልቆ ዱቄት ይሆናል። አንድ ቀን እንዲያው አገላብጣ ስታየው ሦስት ጎን እንዳለው ልብ አለች። የሚቀጥለውም ሦስት። አብዛኛው ሲሰበር የሚወጣው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ክብ ሁን ብላ መለማመጥ ተወች፤ ሦስቱን ጎን ማቃናት ብቻ ሆነ ሥራዋ።

ሦስት ማዕዘን ግን ክፉ ነው። ሦስት ጫፍ አለው፤ ሦስቱም ለመሰበር ሰበብ ይፈልጋሉ። ስንቱን ሰበረች፣ ስንቱን ረገመች! ሞርዳ ስትጨርስ ደግሞ ድንጋዩ ውሃ ጠጥቶ ቀለሙን ይውጥና ጠርሙስ ይመስላል። ደርቆ፣ ያ የተሸሸገ እሳት እያቅማማ እስኪመለስ፣ እንዳኮረፈ ሰው መጠበቅ ነው።

ሦስት ማዕዘኗን መጀመሪያ የገዛቻት በዚያው ፎቅ ምድር ቤት የወርቅ ሥራ ያላት ካሚላ ናት። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ እንደ ክርን የታጠፈ የወርቅ ጥፍር አልብሳ የጆሮ ጌጥ አደረገችው። ጫፉ ካልተሸፈነ በሻርፕ ተይዞም ይሰበራል አለች። የሦስት ማዕዘንን ቦታ ያስተማረቻትም እሷ ናት።

«ቀለበት ላይ መሐል ዋናው ድንጋይ ይቀመጣል። ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ ጫፋቸው ወደ ውጭ፣ ጎናቸው ወደ ሙሽራው።»

«እንደ ሚዜ?»

«ልክ እንደ ሚዜ! ግን መመሳሰል አለባቸው። አንዱ ሚዜ ሱፍ ለብሶ ሌላው በቱታ ቢመጣ አስቢው።»

ሸዋገነት ሳቀች። ከዚያ በቫዝሊን ቆርቆሮ፣ በጥጥ የተኛ አንድ ሦስት ማዕዘን አሳየቻት። አረንጓዴ፣ ከሥሩ ፍም። ካሚላ ሳቋን ተወች።

«የዚህን ጥንድ አምጪልኝ። ያመጣሽ ዕለት ከኋላ ክፍል መሞረጃ አቆምልሻለሁ። መጥረጊያውን እዚያው ለአስናቀው ትተይለታለሽ።»

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሸዋገነት ወለሉን የምትጠርገው ጥንድ ፍለጋ ነበር። ክረምት አለፈ፣ በጋ አለፈ። ያች ብቸኛ ድንጋይ ጥጧ ውስጥ ተኝታ ጠበቀች። አንዳንድ ቀን ክዳኑን ከፍታ «ትመጣለች፣ አይዞሽ» ትላታለች።

አስናቀው ነገሩን ያወቀው በካሚላ መስኮት ሲያልፍ ነው። የሦስት ማዕዘን ጌጥ በመስታወት ውስጥ አይቶ ከየት እንደመጣ ጠየቃት። ካሚላ ክፋት አላሰበችም፤ «ካንተው ሱቅ ነው፣ የሸዋገነት እጅ ነው» ብላ አመሰገነችለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ዓይኑን ከወለሉ ላይ አላነሣም። ሸዋገነት የጠበቀቻት ጥንድ በመጣችበት ጠዋት እሱም እዚያው ቆሞ ነበር።

የተጠሩት ሐጂ ሙናዊር መጡ። ደረጃው አድክሟቸው በሩ ላይ ትንሽ ቆሙ፤ የሚስቁም የሚቆጡም አይመስሉም ነበር። ወንበር ቀረበላቸው፣ አልተቀመጡም።

«ሐጂ፣ ዋስ ሆነውላት ነበር» አለ አስናቀው፣ ስባሪዋን በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ። «ይኸው፣ ሰረቀች።»

«ከየት ሰረቀች?»

«ከዚህ፣ ከሱቄ።»

«ሱቅህማ ሰፊ ነው። ከመሳቢያህ? ከኪስህ?»

«ከ… ከወለል።»

ሐጂ ወደ ሸዋገነት ዞሩ። «ልጄ፣ ከወለል ነው?»

«ከወለል ነው፣ ሐጂ።»

«አንተ ሰው፣» አሉ፣ ድምፃቸው አሁን ከፍ አለ፤ «እኔ እዚሁ ቆሜ፣ በዚህ ጆሮዬ፣ ወለሉ የእሷ ይሁን አላልክም?»

«ያኔ ሌላ ነበር!»

«ምኑ ነው ሌላው?»

«ሐጂ፣ በርበሬና ኦፓል አንድ ነው እንዴ?»

«በርበሬና ኦፓል አንድ አይደለም። ቃል ግን አንድ ነው! ያንተን ዕቃ እንዳትነካ ዋስ ሆንኩላት። ላንተ ቃል ዋስ የሚሆን ሰው አለመጥራቴ ነው ጥፋቴ። ወላሂ፣ በዚህ ሽበቴ ሌባ ለመያዝ ብጠራ ሌባው ጠሪዬ ሆኖ አገኘሁት!»

ባለ ሜትሩ ሰውዬ «እህ!» አለ። ገብረ ማርያም አቀርቅረው ፂማቸውን አሹ። የአስናቀው ግንባር ላይ ላብ ወጣ። ሰው ሁሉ እያየው ነው፤ ያ ሁሉ ሰው ደግሞ ነገ ዓይኑን ያየዋል።

«ወለሉን ፈልገሽ ነው?» ብሎ ጮኸ። «እንቺ ወለልሽን!»

ወረወራት።

ስባሪዋ ሲሚንቶው ላይ አንዴ ነጠረች፤ ቀጭን፣ የብርጭቆ ጠርዝ የመሰለ ድምፅ አሰማች፤ ሁለት ሆነች።

«ይኸው ወለል ላይ ነው። ጥረጊ!»

ሸዋገነት አልጠረገችም። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ጋዋኗን አወለቀች፣ አጠፈች፣ መጥረጊያው አናት ላይ ሰቀለች። መጎንበስ እንደሌለባት ብቻ ታውቃለች። ዛሬ ካጎነበሰች መቼም ቀና አትልም።

የጎነበሱት ሐጂ ሙናዊር ናቸው። እኚያ ሽማግሌ ሰው፣ በነጭ ቆባቸው፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ የአስናቀው ጫማ ሥር ተንበርክከው ሁለቱን ስባሪዎች ለቀሙ። ላንሣልዎ ያላቸውን ሰው እጅ ገፉት። ተነሥተው መዳፏ ላይ አኖሩላት።

«ዋስነቴን ጨረስኩ» አሉ። «ነይ እንውረድ።»

ምድር ቤት ካሚላ ስባሪዎቹን በማጉያ መነጽር አየች፤ ስንጥቁ እስከ ውስጥ ዘልቋል። ራሷን ነቀነቀች። ያች ቀለበት አትሠራም፤ ሚዜው ሞቷል። ሸዋገነት ለመሄድ ተነሣች።

«ወዴት ነው?»

«ጥንዱን ካመጣሽ ብለሽኝ ነበር። አላመጣሁም።»

«አምጥተሻል!» ካሚላ ጠረጴዛውን መታች። «እዚህ ድረስ አምጥተሻል፣ ሌላ ሰው ሰበረው! የሱን ጥፋት በኔ በኩል ልታስቆጥሪብኝ ነው? ተቀመጪ! መሞረጃው ነገ ይቆማል።»

ብቸኛዋን ሦስት ማዕዘን የአንገት ጌጥ አደረገችላት። አንዱ ጫፍ ወደ ታች፣ በሦስቱም ጫፎች ላይ የታጠፈ የወርቅ ጥፍር። ሸዋገነት ወስዳ ደብሪቱ አንገት ላይ አሰረችው።

ደብሪቱ መስታወት አስመጣች። ደጋግማ አየችው። «ምነው አንድ ብቻ?» አለች።

ሸዋገነት ሁሉንም ነገረቻት። አሮጊቷ ሳሏን ውጣ ሰማች። ከዚያ ነጠላዋን ጠየቀች፤ ጫማዋን ጠየቀች።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?»

«ፎቅ ወጥቼ ሰውዬውን ላየው!»

ከዚያ ወዲህ ደብሪቱ ደረቷ ፋታ በሰጣት ቀን ሁሉ ያን ደረጃ ትወጣለች። አስናቀው በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ነጠላዋን ከአንገቷ ገለጥ አድርጋ ትቀመጣለች፤ ሳሏንም ታወርደዋለች። ሰላም አትለውም። ደንበኛ ሲገባ፣ «እማማ፣ ይህ ጌጥ ከየት ነው?» ይላታል። «ከዚህ ወለል» ትላለች። የጎረቤት ሱቅ ልጆች ዜማዋን ተምረውታል፤ እሱ በሩን ሲዘጋ እንኳ ይሰማዋል፤

ልጄ አሰረችልኝ እንቁ ባንገቴ ላይ፣
የወለሉ ጌታ ይንገብገብ ይኸን ሲያይ።

ሸዋገነት አሁን በካሚላ የኋላ ክፍል መሞረጃዋ ላይ ናት። የተሰበረችውን ድንጋይ ሁለት ቁራጮች አልሞረደቻቸውም፣ አልሸጠቻቸውም። ቫዝሊን ቆርቆሮው ውስጥ፣ ጥጡ ላይ፣ ጎን ለጎን አስተኝታቸዋለች። ካሚላ «ትንንሽ ሦስት ማዕዘን እኮ ይወጣቸዋል» ስትላት፣

«አውቃለሁ» ትላለች። «ገና አልበረደልኝም።»