አባቴ ጀኔሬተር ያሉት ጊታር

ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል። በማን ላይ እንደሚፈላ ግን እየቆየ ተለዋውጧል።

ነገሩ የጀመረው አማኑኤል ከተማ፣ አንድ ሠርግ ላይ ነው። እኔ በሳምንቱ ደብረ ማርቆስ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ከአንድ የሠርግ ባንድ ጋር ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። አባቴ የደብረ ኤልያስ ገበሬ ናቸው፤ ስጫወት አይተውኝ አያውቁም ነበር። የዚያን ቀን ከሙሽራው ወገን ሆነው አማኑኤል መጡና ከድንኳኑ ፊተኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ዋሉ። እኔም ጣቴ እስኪላጥ ተጫወትሁ። ሲያልቅ ጠሩኝ።

«ያ ሰውዬ ኦርጋኑን ይነካል፣ ያ ልጅ ከበሮውን ይደበድባል። አንተ ግን ምን ትሠራ ነበር ልጄ?»

«ቤዝ ነዋ አባየ! ያ ከሥር ድም ድም የሚለው።»

«እሱማ ጀኔሬተሩ መስሎኝ!»

ዙሪያቸውን የነበሩ ሽማግሌዎች ሳቁ። አባቴ ግን አልቀለዱም፤ የምራቸውን ነበር። ያንገበገበኝም ይኸው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ጣቴን ሳጠነክር ኖሬ፣ ለገዛ አባቴ ጀኔሬተር ሆኜ ቀረሁ።

ጥፋቱ የእሳቸው ጆሮ አልነበረም። ጊታሬ ከጀርባው፣ ከክዳኑ ሥር ፕሪአምፕ አለው፤ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ሰሌዳ ናት፤ ከክሩ የሚመጣውን ድምፅ ወደ ማጉያው ከመሄዱ በፊት ቅርፅ ታስይዘዋለች። የኔዋ የምታውቀው አንድ ቅርፅ ብቻ ነው፤ ጉርምርምታ። ድንኳን ውስጥ ሲገባማ ምን ኖታ እንደመታሁ እኔው ራሴ አላውቀውም። ኦርጋን የሚጫወቱት የባንዱ መሪ ግን ጊታሬን የሚወዱት በዚሁ ነበር። «ቤዝ ደረት ካልመታ ምኑን ቤዝ ሆነ?» ይላሉ።

ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ካውያ ተውሼ ክዳኑን ፈታሁ። ጉርምርምታውን የሚያገዝፉትን ሁለት ካፓሲተሮች ነቅዬ ከተሰበረ ሬዲዮ የወጡ አነስ ያሉ በየድሁ። አንዴ ጣቴን አቃጠልሁ፤ አንዴ የሰሌዳውን የመዳብ መስመር ልጬ በቀጭን ሽቦ ቀጠልሁት። የሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ፤ ግን ሆነ! ጉርምርምታው ወረደ፣ የመሐሉ ድምፅ ወጣ። ባቲ ስጫወት ባቲ መሆኑ፣ አንቺ ሆዬ ስጫወት አንቺ ሆዬ መሆኑ ታወቀ። ብቻዬን ሳቅሁ።

መሪያችን ሲሰሙት ፊታቸውን አጨማደዱ።

«አኮሰስኸው። ይሄ አሁን ቤዝ ነው ክራር? ወደ ነበረበት መልሰው።»

«አልመልሰውም ጋሼ።»

«እንግዲያ አንድ ቀን እኔ እመልሰዋለሁ» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ያችን ቃል ቋጥሬ ያዝኋት።

ብዙም ሳይቆይ ሁዳዴ ገባ። በጾም ሠርግ የለም። የኛ ባንድ ደንብ ደግሞ በቅበላ ዕለት መሣሪያውን ሁሉ ጠቅልሎ መሪያችን ቤት ማስቀመጥ ነው፤ እስከ ፋሲካ ለልምምድ እንኳ ማንም አይነካውም። እኔ ግን እሳቸውን አላመንኋቸውም። ገመዱ በጊታሩ ላይ እንደተሰካ፣ ማንም እንዳይነቅለው፣ ማንም እንዳይከፍተው ብዬ መሰኪያውንም ክዳኑንም በጥቁር ፕላስተር ጠመጠምሁት። ከተነካ አውቀዋለሁ አልሁ።

የእህቴ ሠርግ ለዳግም ትንሣኤ ተቆረጠ፤ ደብረ ኤልያስ፣ አባቴ ግቢ። ከጾሙ በኋላ የመጀመሪያ ሥራችን ነው። አባቴን «አሁን ይሰሙኛል» ብያቸው ነበር። «እስቲ እንሰማለና» አሉኝ። እኔ ዳስ ልጥል ቀድሜ ሄድሁ፤ መሪያችን መሣሪያውን ጭነው በሠርጉ ጠዋት ደረሱ።

የገመዱን ሌላ ጫፍ ማጉያው ላይ ሰክቼ ክሩን መታሁት። ጭጭ። ማዞሪያውን አዞርሁ። ጭጭ። አባቴ ከፊት ተቀምጠው አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ያች ቃል መጣችብኝ፤ «እኔ እመልሰዋለሁ።» ፕላስተሩን ልይ እንኳ አላልሁም። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ተነሣሁ።

«ነካክተኸዋል! አንተ ነህ! ምቀኛ! በእህቴ ሠርግ ልታዋርደኝ!»

ስድስት ዓመት ጋሼ እያልሁ፣ እርስዎ እያልሁ ያከበርኋቸውን ሰው ነው። አጠገቤ የነበረው ማይክራፎን ክፍት ነበር። ስድቤ ዳሱን ሞልቶ፣ አልፎም ጎረቤት ማሳ ድረስ ሄደ። እልልታው ቆመ።

መሪያችን ማይክራፎኑን አጠፉና ጊታሩን ከእጄ ወስደው ፕላስተሩን አሳዩኝ። በጥርሴ የበጠስሁት ጫፍ እንኳ እንደነበረ ነው። ቀድደው ክዳኑን ፈቱት። ባትሪው አብጦ ፈሷል፤ ያ ሁሉ የደከምሁበት ሰሌዳ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል።

«ገመዱን ሳትነቅል ነው ያስቀመጥኸው?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

ገመዱ ከተሰካ ፕሪአምፑ ባትሪ ይበላል። ይህን ለባንዱ ልጆች መቶ ጊዜ የነገርሁ እኔው ነኝ። ጾሙን ሙሉ ሲበላ ከርሞ፣ ያለቀው ባትሪ ሆዱ ውስጥ ያለውን ተፋበት። ሰው እንዳይነካብኝ ያሰርሁት እኔ፣ የገደልሁትም እኔ።

ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም። እንዲያውም ባሰብኝ፤ ትክክል በመሆናቸው ተናደድሁባቸው። እሳቸው የኔን ድርሻ ኦርጋኑ ላይ በግራ እጃቸው እየሸፈኑ ሠርጉን አዘለቁት፤ የእህቴም ሠርግ አማረ። ማንም ልዩነቱን አላወቀም። ይህም እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ዳሱን ባፈረስንበት ጠዋት አባቴ ገመድ እየፈቱ «ሰማሁህ» አሉኝ።

«ምኑን አባየ? ጊታሩ እኮ ጭራሽ አልሠራም።»

«አንተን ነዋ፣ በማይክራፎኑ። ኦርጋኑም ጀኔሬተሩም አልበለጠህም።» ገመዱን በክርናቸው ላይ ጠቀለሉት። «ይሰሙኛል ብለኸኝ አልነበር? ሰማሁህ።»

ከዚያ ምሰሶውን ነቅለው ወደ ጓሮ ይጎትቱ ጀመር። ላግዛቸው እጄን ብዘረጋ አልሰጡኝም።