ካለፈው ዙር ሦስት ነዶ ሲቀነስ

የልጄን የፈተና ወረቀት ያየሁት በኅዳር፣ ገብሱ ታጭዶ ወደ አውድማ በሚጓጓዝበት ሰሞን ነው። ንፋስ መውጫ ከተማ ቤት ተከራይታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች፤ ዓርብ ዓርብ ወደ ቤት ትመጣለች። በሒሳቡ ወረቀት አንዱ ጥያቄ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ኤክስ ተደርጓል። ከጎኑ «ፎርሙላው የት አለ?» ተብሎ ተጽፏል። ዜሮ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ያደግሁ ሰው ነኝ። ፊደልም፣ እንግሊዝኛም፣ ሒሳብም የለቃቀምሁት ከትልልቆቹ ልጆቼ አሮጌ መጻሕፍት ነው። እንዲህ ያለ ሰው የመምህር ቀይ ቀለም ያስፈራዋል። ጥያቄውን ሳላነብ «ሰነፍ» አልኋት። መምህሩ ያስጻፋቸውን ፎርሙላ ሃምሳ ጊዜ እንድትገለብጥም አዘዝኋት። ገልብጣ ጨረሰችና ደብተሩን ከፊቴ አስቀመጠች።

«ከእንግዲህ አልሄድም» አለችኝ። «ማጭድ እንደሆነ ፎርሙላ አይጠይቀኝም።»

ሰኞ ቀረች። እኔም አልለመንኋትም።

ያን ዕለት ነዶ ስንከምር ዋልን። እኔ ከላይ እደረድራለሁ፣ እሷ ከታች ታቀብለኛለች። ክምር ከወገቡ በላይ እየጠበበ ነው የሚሄደው፤ እያንዳንዱ ዙር ከሥሩ ካለው ሦስት ነዶ ያህል ይቀንሳል። ይህን እጄ ያውቀዋል እንጂ ለማንም ነግሬ አላውቅም። እሷ ግን ሳልጠራት የየዙሩን ነዶ ለይታ ታቀርባለች። አንድ አይተርፍም፣ አንድ አይጎድልም።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ካለፈው ዙር ሦስት እቀንሳለሁ።»

«የመጀመሪያውንስ?»

«እሱንማ ሲደረድሩ ቆጠርሁት። እሱ ከሌለ ከምን ልቀንስ ነው?»

ወርጄ ወረቀቱን አምጪው አልኋት። ጥያቄው የመጀመሪያው ቁጥር አርባ ነው ይላል፤ ቀጣዩ ሁሉ ካለፈው ላይ ሦስት ሲቀነስ ይገኛል፤ ስምንተኛው ስንት ነው? መነሻውንና ካለፈው ወደሚቀጥለው መሻገሪያውን የሚሰጥ እንዲህ ያለው ደንብ ሪከርሲቭ ፎርሙላ ይባላል። ልጄ አርባ፣ ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ አራት እያለች ወርዳ አሥራ ዘጠኝ ላይ ቆማለች። ልክ ነች። ፎርሙላው የት አለ ይላታል፤ ራሱ ጥያቄው ውስጥ አስቀምጦላት፣ እሷም ሠርታበት።

ደሜ ፈላ። ማክሰኞ በሚኒባስ ንፋስ መውጫ ገባሁና መምህሩን ከመምህራን ክፍል አገኘሁት። ወጣት ነው።

«መምህር፣ ይህ መልስ ስሕተት ነው?»

«መልሱስ ልክ ነው አባቴ። አሠራሯ ነው። ያስጻፍኋቸው ፎርሙላ እኮ አንድ በአንድ ሳይቀንሱ ያደርሳል። መቶኛውን ብጠይቃት ስትቀንስ ልትኖር ነው?»

«መቶኛውን ጠየቋት?»

«አልጠየቅሁም።»

«ታዲያ ዜሮው ላልጠየቁት ነው?»

ከጎኑ ያለው መምህር ሳቀ። «ተረትተሃል፣ ስጣት» አለው።

ዜሮውን ሰርዞ ማርኳን ሰጣት። የመቶኛው ነገር የሞኝ ጥያቄ እንዳልሆነ አልክድም። ግን አቋራጩን ማሳየት የመምህር ሥራ ነው፤ ረጅሙን መንገድ ሳትስት የሄደችን ልጅ መቅጣት ምን የሚሉት ማስተማር ነው? ይህንኑ ነገርሁት። ልወጣ ስል፣ ልጅቱ ትምህርት አቆማለሁ ማለቷን ስነግረው ደነገጠ።

«በአንድ ጥያቄ? እኔ እኮ ዜሮ ሰጠኋት እንጂ ሰነፍ አላልኋትም» አለኝ።

እስከ ቤት ድረስ በእሱ ልናደድ ሞከርሁ፤ ንዴቱ ግን ዞሮ እኔው ላይ አረፈ።

አውድማው ላይ አገኘኋት።

«መምህሩ ማርክሽን አስተካክሏል» አልኋት። «ሰነፍ ያልሁሽ ግን እኔ ነኝ። ያውም ሳላነብ።» ለልጆቼ እንዲህ ብዬ አላውቅም ነበር።

«ሃምሳውስ?»

«የምን ሃምሳ?»

«የገለበጥሁት። እስካሁን አልገባኝም። ያስረዱኝና እሄዳለሁ።»

እኔም አልገባኝም ነበር። ክምሩ ሥር ተቀምጠን ዙሮቹን በጣታችን ቆጠርን። ስምንተኛው ዙር ላይ ለመድረስ ሦስት የሚቀነሰው ስምንት ጊዜ ሳይሆን ሰባት ጊዜ ነው፤ ከመጀመሪያው ዙር የተቀነሰ ነገር የለምና። ሦስት ሰባት ጊዜ ሃያ አንድ። ከአርባ ላይ ሲነሣ አሥራ ዘጠኝ። ደብተሯን ገልጣ ሃምሳ ጊዜ የጻፈችውን ፎርሙላ አየችው።

«ይኸው ነው እንዴ?» አለች።

ረቡዕ ማለዳ ሄደች። ሃምሳ ጊዜ የጻፈችባቸውን ገጾች ቀድዳ፣ ለእሳት መለኮሻ ይሁንዎት ብላ ተወችልኝ። አላነደድኋቸውም። የእኔ ጥፋት ናቸው፣ ዓይኔ ሥር ይቀመጡ።